ክለብ ሲፈርስ ደጋፊው ወዴት ይሄዳል? ስለ ወልቂጤና ስለ ቡታጅራ የእግር ኳስ ወዳጆች

በአገራችን ስለ እግር ኳስ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የአሸናፊዎች ታሪክ ነው። ዋንጫውን ማን እንደ ወሰደ፥ ጎሉን ማን እንዳገባ፥ ብሔራዊ ቡድናችን በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ እንዴት እንዳነሣ ሁሉም ያውቀዋል። ስለ ፈረሱት ክለቦች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ክለቡ በፈረሰ ማግሥት በሜዳው ዳር ቆሞ ሲጮኽ የነበረው ሰው ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅማ ከዚያም ያነሰ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ አንሥተን በጉራጌ አገር በሚገኙት በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች ልንመረምረው አስበናል። ነገሩ የጨዋታ ጥያቄ ቢመስልም ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአንድ ከተማ ሕዝብ «የእኔ ነው» የሚለው ነገር በእውነት የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ነገሩ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ ነውና።

ከተሞቹን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት እንበል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራ ደግሞ በምሥራቅ በኩል፥ ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ሆሣዕና በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለ ሆነች፥ ሁለቱ ከተሞች ዛሬ በአስተዳደር የተለያዩ ናቸው። በኑሮአቸው ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የገበያ ከተሞች ናቸው፤ ከሁለቱም ወደ መርካቶ የወጣው ልጅ ብዙ ነው፤ ሁለቱም በመስቀል ሰሞን ከየአቅጣጫው በሚገባው እንግዳ ይሞላሉ። ሁለቱም በስማቸው የሚጠራ ክለብ አላቸው፤ አንዱ «ወልቂጤ ከተማ» ሌላው «ቡታጅራ ከተማ» ይባላል። «ከተማ» የምትለውን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን። ቃሏ የቦታ ስም ትመስላለች እንጂ የባለቤት ስም ናት፤ የክለቡን ደመወዝ የሚከፍለው የከተማው አስተዳደር መሆኑን ታመለክታለች።

ኳስ ግን ወደ ጉራጌ አገር የገባው በከተማ አስተዳደር በጀት አይደለም። በጉራጌ መንደር ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው በመካከላቸው ሰፊ፥ ሣር የለበሰ ጎዳና ይዘረጋል፤ ይህም ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ የማንም የግል ርስት አይደለም። ገፍቶ የሚያርሰው ወይም አጥሩን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይከሰሳል። ለቅሶው፥ ሠርጉ፥ ሸንጎው በዚያ ይሆናል፤ ከብቱም በዚያ ያልፋል። እንዲህ ያለ ጎዳና ባለበት አገር ልጅ ኳስ የሚጫወትበትን ሜዳ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ይህን የምናነሣው ለጌጥ ሳይሆን ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አሁን ወደ ፈረሱት ክለቦች እንመለስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ከእነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ሲሆን፥ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፥ አራራት የአርመኖች፥ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፥ አምስተኛው የእንግሊዝ የጦር መልእክተኞች ቡድን ነበር፤ ዋንጫውንም የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። የጦር መልእክተኞቹ ሥራቸውን ፈጽመው ሲሄዱ ክለባቸውም አብሮአቸው ሄደ፤ የአርመኖቹና የጣሊያኖቹም ስም ከጊዜ በኋላ ከውድድሩ ጠፍቶአል። የእንግሊዞቹ ዓይነት አፈራረስ ሐዘን የሌለበት ነው፤ ክለቡና ወዳጁ አንድ ላይ ስለ ተነሡ ባዶ ሜዳ ላይ የቀረ ደጋፊ የለም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የታየው ደግሞ ሌላ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በደርግ ዘመን የቆየ ስሙን ትቶ በአዲስ አበባ ቢራ ስም ሲጫወት ኖሮአል። እንዲህ ያለውን ነገር መፍረስ እንበለው ወይስ ስም መለወጥ? በወረቀት ከሄድን ያ አሮጌ ክለብ ፈርሶአል። ሆኖም ስሙ በተመለሰ ጊዜ ደጋፊው በዚያው ስም ዙሪያ ተሰብስቦ ስለ ተገኘ፥ ክለቡ በመዝገብ ሳይሆን በሰው ልብ ተጠብቆ ቆይቶአል ለማለት እንደፍራለን። ስሙን የጠበቀው ሠፈሩ ነው፤ ሠፈሩ እስካለ ድረስም ማኅተሙን መቀየር ብቻውን ክለብ አይገድልም።

ከዚህ የሚለዩት በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ የተያዙት ክለቦች ናቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ባንኩ ቡድኑን በተነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ገና ተቋቁሞ በ2015 ዓ.ም. ወደ ላይኛው ሊግ ወጣ፤ በወጣበትም ዓመት ማለት በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ይህ በአገራችን የኳስ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቅ ትንሣኤ ነው። ነገር ግን የመበተኑም የመነሣቱም ውሳኔ ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ደጋፊ ሲበተንም አልተጠየቀም፤ ሲነሣም አልተጠየቀም።

ለጥያቄአችን ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠን የጎንደር ነገር ነው። በጎንደር ዳሸን ቢራ የሚባል የፋብሪካ ክለብ በላይኛው ሊግ ሲጫወት ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ወረደ፤ ፋብሪካውም ክለቡን አፈረሰው። በዚያው ዓመት የከተማው ክለብ ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ወጣ። የጎንደር ሰው አንድም ዓመት ያለ ላይኛ ሊግ ቡድን አልዋለም፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲል የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ክለብ ሲፈርስ ደጋፊው የት እንደሚሄድ የሚወስነው የሐዘኑ ብዛት ሳይሆን በቅርቡ ሌላ «የእኔ» የሚለው ነገር መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ጎንደር ሁለት ነበሩአት። ወልቂጤ ግን አንድ ብቻ ናት።

እንግዲህ ወልቂጤን በዝርዝር እንመልከት። በደጋፊዎቹ ዘንድ «ሠራተኞቹ» እየተባለ የሚጠራው ወልቂጤ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊጉ አልፎ በ2012 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ መጫወት ጀመረ። ለከተማይቱ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ስሟ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ፥ ከሐዋሳ፥ ከመቀሌና ከባሕር ዳር ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ተጻፈ። ዳሩ ግን ያ የመጀመሪያ ዓመት ሳያልቅ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ውድድሩ ተሰረዘ፤ በዚያ ዓመት ሻምፒዮንም ወራጅም አልነበረም። በቀጣዩ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአዲስ ሥርዓት ተጀመረ። ቡድኖቹ ሁሉ ወደ ተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየሄዱ በአንድ ሜዳ ላይ ተራ በተራ እንዲጫወቱ ሆነ፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ ጣቢያ በቀጥታ ይተላለፉ ጀመር።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ሥርዓት ያመሰገኑት የኢትዮጵያን ሊግ በውጭ አገር እንዲታይ ስላደረገ ነው። ምስጋናው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ከወልቂጤ ደጋፊ ቦታ ቆመን ስናየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ወልቂጤ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አላስተናገደችም። የወልቂጤ ሰው «በሜዳችን እንጫወታለን» የሚለው አነጋገር በወረቀት ካልሆነ በቀር ትርጉም አጣ። ገንዘብና ጊዜ ያለው ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ድሬዳዋ መጓዝ ነበረበት፤ የሌለው በሻይ ቤት ተቀምጦ፥ ከፍሎ፥ የራሱን ከተማ ቡድን ከባሕር ማዶ ቡድኖች ጋር በአንድ መስኮት ማየት ነበረበት። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ» ይላሉ። በኛ አስተያየት የወልቂጤ ደጋፊ ከክለቡ መለየት የጀመረው ክለቡ ከሊጉ በወጣበት ቀን አይደለም፤ ኳሱ ከከተማው በወጣበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ የዲኤስቲቪ ቤት የሚባለውን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ቅዳሜና እሑድ በአገራችን ትንንሽ ከተሞች ሁሉ፥ በወልቂጤም በቡታጅራም፥ ወጣቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የእንግሊዝን ሊግ ሲያይ ይገኛል። የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች በሰላምታ እስኪኳረፉ ድረስ ይከራከራሉ። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ክህደት ይቆጥሩታል። እኛ ግን እንዲህ አንፈርድም። ያ ወጣት የመረጠው ሊፈርስበት የማይችለውን ክለብ ነው። አርሴናል ለሠራተኞቹ ደመወዝ ባይከፍል የወልቂጤ ወጣት የሚያጣው ነገር የለም፤ ከአርሴናልም የሚጠይቀው መብት የለውም። ፍቅሩ ዕዳ የለበትም፥ ነገር ግን ድርሻም የለበትም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ወልቂጤ ከተማ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከወራጆቹ ተርታ ነበር። ሆኖም በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የመቀሌ 70 እንደርታ፥ የስሑል ሽረና የወልዋሎ አዲግራት ቦታዎች ባዶ ስለ ሆኑ፥ ቦታዎቹን ለመሙላት በተደረገው ተጨማሪ ውድድር ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዳማ ከተማ ጋር በሊጉ ለመቆየት ቻለ። የአንዱ ደጋፊ ዕድል ከሌላው ደጋፊ መከራ መገኘቱን እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ የትግራይ ክለቦች ደጋፊዎች በዚያ ወራት ስለ ኳስ የሚያስቡበት ሁኔታ ላይ አልነበሩም። ከዚያም ወዲህ ክለቡ በየዓመቱ ከመውረድ ጋር ሲታገል፥ የተጫዋቾች ደመወዝ ዘገየ የሚል ወሬም በተደጋጋሚ ሲሰማ ቆየ። በመጨረሻም የ2017 ዓ.ም. ውድድር ሊጀመር ሲል ለክለብ ፈቃድ የሚያስፈልገውን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ከፕሪሚየር ሊጉ ውጭ ሆነ። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በተመለሱበት ዓመት ወልቂጤ ወጣ። ሊጉ በመስከረም ሲከፈት በስሙ አንድም ጨዋታ አልተመዘገበም። መስከረም ደግሞ መስቀል የሚከበርበት፥ የጉራጌ ልጅ ከያለበት ተጠራርቶ አገሩ የሚገባበት ወር ነው።

ከላይኛው ሊግ መውጣት መፍረስ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሁለቱን ማደባለቅ ስሕተት ነው። ነገር ግን በሜዳ ተሸንፎ መውረድና በጽሕፈት ቤት ውሳኔ መውጣት ለደጋፊ አንድ አይደሉም። ተሸንፎ የወረደውን «ዳኛው በደለን፥ አጥቂው አባከነው» እያለ ያዝናል፤ በሚመጣው ዓመት እንመለሳለን ይላል። በመስፈርት የወጣውን ግን የሚከሰው ሰው ያጣል። ዘጠና ደቂቃ ጮኾ ሊለውጠው የሚችለው ነገር አልነበረምና። ስለዚህ ክለቡ ቢፈርስ ደጋፊው ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ በወልቂጤ የመላ ምት ጥያቄ አይደለም፤ ግማሹ የተፈጸመ ነገር ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። በኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ አዋጥቶ የጋራ ሥራ በመሥራት የጉራጌን ሕዝብ ያህል የተመሰገነ ጥቂት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከአጎራባች ሕዝቦች ተወላጆች ጋር ማኅበር አቋቁመው ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደውን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ አዋጡ፤ ይህን ማኅበር ፈቃዱ ገዳሙ በሰፊው አጥንተውታል። በምዕራቡም በኩል የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተቋቁሞ መንገድ አወጣ፤ የዚህም ወራሽ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ነው። እቁቡንና ዕድሩን ደግሞ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ መንገድ የቆረጠ ሕዝብ አንድ የኳስ ክለብ ማቆየት ለምን ያቅተዋል?

ይህን ጥያቄ በየመንደሩ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜም «የዛሬ ሰው እንደ ድሮው አይደለም» በሚል ወቀሳ ይቋጫል። ወቀሳው ለኛ አይዋጥልንም። ልዩነቱ በሰዎቹ ሳይሆን በነገሩ ጠባይ ላይ ያለ ይመስለናል። መንገድ መጨረሻ አለው። አዋጪው ብሩን ሲሰጥ የሚጨመረውን ኪሎ ሜትር በዓይኑ ያያል፤ ከተሠራም በኋላ እናቱን ሊጠይቅ በዚያው ይሄድበታል። የኳስ ክለብ ግን በየወሩ የሚበላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ለመወሰን የተገደደው ክለቦቹ ደመወዝ መሸከም ስላቃታቸው ነው። ከሃያ በላይ ተጫዋች ያለው ቡድን በዚህ ሒሳብ በዓመት ምን ያህል እንደሚበላ አንባቢ ራሱ ያስላው። በሰኔ ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ ተጫዋቹ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ አዋጪው የሚያሳየው ኪሎ ሜትር የለውም።

እቁብም ቢሆን ለዚህ አይመችም፤ እቁብ ዞሮ ወደ አባሉ የሚመለስ ገንዘብ ነውና። ዕድር ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ዕድር የተሠራው ለቀብር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ይተክላል፤ ታማሚውን በየወሩ ማስታመም የሥራው መሠረት አይደለም። ይህን ስንል እየቀለድን አይደለም። ደጋፊዎች ለክለባቸው የሚያዋጡት ብዙውን ጊዜ አደጋው ከደረሰ በኋላ፥ ተጫዋቾቹ ልምምድ ካቆሙ በኋላ ነው፤ ይህም የዕድር ልማድ ነው። በጎ ልማድ ነው፥ ግን ክለብ አያኖርም።

ሌላም ምክንያት አለ። ክለቡ የከተማው አስተዳደር ስለ ነበረ ሕዝቡ ገንዘቡን ቀድሞውንም ከፍሎአል፤ በግብር ከፍሎአል። ለመንገዱ ሲያዋጡ የነበሩት ሰዎች ሒሳቡን የሚይዘውን ሰው ራሳቸው መርጠውታል። ለክለቡ የሚያዋጣ ደጋፊ ግን በአስተዳደሩ በጀት ላይ ሁለተኛ ኪስ ሆኖ ይጨምራል እንጂ ስለ አጠቃቀሙ የሚናገርበት ወንበር የለውም። «የእኛ ክለብ» የሚለው ቃል በመዝሙር እውነት ነው፤ በመዝገብ ግን ባለቤቱ ሌላ ነው።

በአስተዳደሩም ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ አጣን ብለው ባዶ ጀሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ፤ በዚያም ቀን የሰው ሕይወት ጠፋ። ጀሪካን ይዞ የወጣውና የክለቡን ቀለም ለብሶ የሚጮኸው ሰው በአብዛኛው አንድ ሰው ነው። እንዲህ ባለች ከተማ በጀት የሚያወጣ ሹም በአንድ እጁ የውኃ ቧንቧ፥ በሌላው የተጫዋች ደመወዝ ይዞ ሲቆም የትኛውን ይልቀቅ? ከእኛ መካከል «ውኃው ይቅደም፥ ኳሱ ይቅር» ያሉ አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ውኃ የሌላት ከተማ ወጣቶች ከኳሱም ቢለዩ ምን ቀራቸው ብለን ተከራክረናል። ክርክሩ በመካከላችን አላለቀም። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ምርጫ የግድ ያደረገው የክለቡ አሠራር ነው። ከውኃው ጋር ከአንድ ኪስ ባይበላ ኖሮ ከውኃው ጋር ባልተጣላ ነበር።

የቡታጅራን ነገር በአጭሩ እናልፋለን፤ ምክንያቱም ገና ያልሆነ ነገር ስለ ሆነ ነው። ቡታጅራ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት የታወቀ ክለብ ነው እንጂ የላይኛውን ሊግ ብርሃን አላየም። ስለዚህ ቢፈርስ የሚሰማው ጩኸት አነስተኛ ይሆናል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያም ምናልባት አይዘግበው ይሆናል። ይሁን እንጂ ወደ ላይ ያልወጣ ክለብ የሚያተርፈው አንድ ነገር አለ። ወጪው ያነሰ ነው፤ ከዋክብት ከሩቅ የሚያስመጣበት ገንዘብ ስለሌለው ተጫዋቹ ለአገሩ ልጅ የቀረበ ነው። የወልቂጤ ደጋፊ ያጣው በቴሌቪዥን ያየውን ቡድን ነው። የቡታጅራ ደጋፊ ቢያጣ የሚያጣው የጎረቤቱን ልጅ ነው። የትኛው ይበልጥ እንደሚያምም በሩቅ ሆኖ መፍረድ ያስቸግራል፤ የትኛውን እንደ ገና ማቋቋም እንደሚቀል ግን ግልጽ ነው።

እንደ ገና ስለ ማቋቋም ከተነሣ በውጭው ዓለም የታወቀ አንድ ምሳሌ አለ። በለንደን ደቡብ የነበረው ዊምብልደን የተባለ ክለብ ባለቤቶች ክለቡን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሚልተን ኪንስ ለማዛወር እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቃድ አገኙ። ደጋፊዎቹ አልተከተሉትም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሠፈራቸው ሰፊ የጋራ መስክ ላይ «መጫወት የሚችል ይምጣ» ብለው ጠሩ፤ 230 ያህል ሰዎች መጡ፤ ከእነርሱ መርጠው ቡድን ሠሩ። በመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ ከ4 ሺህ በላይ ተመልካች ተገኘ። ከታችኛው ሊግ ተነሥተው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ደረጃ እያሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ወደ ቀድሞ ሠፈራቸው ተመልሰው በራሳቸው ሜዳ ተጫወቱ። የክለቡም ባለቤት የደጋፊዎቹ ማኅበር ነው።

ለንደንን ከወልቂጤ ጋር ማወዳደር ድፍረት እንደ ሆነ አናጣውም። የዚያ አገር ሰው ኪስና የኛ አገር ሰው ኪስ አንድ አይደለም፤ ቲኬት ሸጦ ደመወዝ መክፈልም በኛ ዘንድ ከባድ ነው። ቢሆንም ከምሳሌው ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው የጋራ መስኩ ነው። እንግሊዞቹ ቡድናቸውን የጀመሩት የማንም ባልሆነ ሣር ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሣር የጉራጌ ሰው ጀፎረ ብሎ ሰይሞት ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት ሲጠብቀው ኖሮአል። ሁለተኛው ከታች ለመጀመር አለማፈራቸው ነው። በአገራችንም ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ከፍተኛ ሊግ፥ ከዚያ በታች አንደኛ ሊግ አለ፤ ከዚያም በታች የክልል ውድድር አለ። በዚያ ደረጃ የሚጫወት የሠፈር ልጆች ቡድን የሚያስፈልገው ማልያ፥ ኳስ፥ የመኪና ኪራይና ምሳ ነው። ይህ ደግሞ አዋጪው በዓይኑ የሚያየው፥ መጠኑ የታወቀ፥ ወደ መንገዱ ሥራ የሚቀርብ ወጪ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄአችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ክለቡ ፈጽሞ ቢፈርስ አብዛኛው የወልቂጤ ደጋፊ በመጀመሪያው ዓመት የትም አይሄድም፤ ቀድሞ በሄደበት በዲኤስቲቪ ቤት ይቀመጣል። የጎንደር ሰው እንዳደረገው ወደ ሁለተኛው የከተማ ክለብ መዞር አይችልም፤ የለምና። ወደ ሆሣዕና ወይም ወደ ሌላ ጎረቤት ከተማ ክለብም በቀላሉ አይሻገርም፤ ትናንት ሲፎካከረው የነበረውን ዛሬ መውደድ ለደጋፊ ከሁሉ የሚከብድ ነገር ነው። በመርካቶ ያለው ተወላጅ ይቆጫል፤ በመስቀል አገሩ ሲገባም ነገሩን ያነሣል፤ ገንዘብ ለማዋጣትም ቃል ይገባል። ቃሉ ሥራ ላይ መዋሉ ግን ለማን እንደሚሰጠው በሚቀርብለት መልስ ላይ ይንጠለጠላል። ለአስተዳደሩ ክለብ ነው ከተባለ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ይተዋል። ሒሳቡን በየመስቀሉ ቆሞ የሚያነብለት ሰው ካገኘ፥ እንደ መንገዱ ጊዜ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የምንተውላቸው ሥራ አለ። የክለቡን የበጀት መዝገብ ከመንገድ ማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማጥናት ያስፈልጋል። የመንገዱን ገንዘብ ያዋጡ ሽማግሌዎች ቁጥራቸው እያነሰ ስለ ሄደ፥ ቃላቸውን ለመመዝገብ የሚነሣ ሰው ቢፈጥን መልካም ነው። ጊዜውም መስከረም ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም በቤቱ ይገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በጀፎረው ላይ ኳስ ሲጫወቱም ሽማግሌዎቹ ዳር ተቀምጠው ያያሉ።